ኑዛዜን በጠበቃ ስለ ማጻፍ

በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው ኀጢአተኛ በካህን ፊት ቆሞ በደሉን የሚገልጽበት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ ስለ ገንዘቡና ስለ ልጆቹ የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። ለሁለቱ አንድ ስም መሰጠቱ በከንቱ አይመስለኝም፤ በአባቶቻችን ዘመን ሁለቱም የሚፈጸሙት በአንድ አልጋ አጠገብ ነበርና። ሕመምተኛው ሲከብድበት የነፍስ አባቱ ይጠራል፤ የሰፈር ሽማግሌዎችም በዙሪያው ይቀመጣሉ፤ አስቀድሞ ስለ ነፍሱ፣ ቀጥሎ ስለ ቤቱ ይናዘዛል። ካህኑም ቃሉን ተቀብሎ ከቀብር በኋላ ለወራሾቹ ያሰማ ነበር። የካህኑን ቃል የሚክድ ሰውም በሀገር ዘንድ እንደ ነውረኛ ይቆጠር ነበር።

ይህ ልማድ በምእመናን ልብ ውስጥ ዛሬም ሕያው ነው። ስለዚህም ካህናት ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ ይኸውም «አባ፣ ኑዛዜ ላጽፍ አስቤአለሁ፤ ጠበቃ መያዝ ይገባኛል ወይስ እርስዎ ቢጽፉልኝ ይበቃል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ አንድ ጊዜ በቸልታ መልሼበታለሁ፤ ከዚያ የተነሣ የደረሰውን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በማገለግልበት ደብር አጥቢያ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስት ሳያገቡ ልጅም ሳይወልዱ ኖረው፣ እናት አባት የሌላትን አንዲት ሕፃን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አሳድገዋል። ልጅቱም «አባዬ» እያለች አደገች፤ በእርጅናቸው ጊዜ አጥባ፣ አብልታ፣ አስታማ የያዘቻቸው እርስዋ ናት። ነገር ግን በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ውል አልነበረም። ሽማግሌው ከመሞታቸው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብለው በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አግኝተውኝ፣ ቤታቸውን ለልጅቱ ለመተው ወደ ሕግ አዋቂ መሄድ ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔም «ለጠበቃ የሚከፍሉትን ለነዳያን ይስጡት፤ እኛ ምን ሠርተን እንበላለን? ጊዜው ሲደርስ ይጥሩኝ» አልኋቸው። እንደ ጨዋታ አድርጌ የተናገርሁት ነው፤ እርሳቸው ግን የካህን ምክር ነውና አጽንተው ያዙት።

ጊዜውም ደረሰ፤ በሌሊት ተጠራሁ። እኔና አንድ ጎረቤት ባለንበት «ይህ ቤት የልጄ ነው፤ እናንተ ምስክር ሁኑ» ብለው ተናገሩ። አእምሮአቸው የተስተካከለ፣ ቃላቸውም የጠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ከዐርባው ቀን በኋላ የወንድማቸው ልጆች ከገጠር መጥተው ወራሾች ነን ብለው ክስ አቀረቡ። እኔና ጎረቤትየው በፍርድ ቤት ቀርበን የሰማነውን መሰከርን። ዳኛውም አላመናችሁም አላሉንም። አምነውን ሳለ ልጅቱ ተረታች።

ምክንያቱም ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከ1953 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ነገር ግን ወሰን አበጅቶለታል። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል፤ ሊናዘዝ የሚችለው ግን ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ፣ ስለ ገንዘብም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ ቃሉ ይሻራል። 500 ብር በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ በዛሬ ዋጋ ግን የዚያን ቤት መዝጊያ እንኳ አይገዛም። ሕጉ እስካልተሻሻለ ድረስ ዳኛ ሌላ ሊፈርድ አይችልም። ልጅቱ ያደገችበትን ቤት ለቅቃ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ እኔን ግን ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚህ የተነሣ አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩን በሚገባ መመርመር ግዴታ ሆነብኝ። የቀድሞው ልማድ ሐሰት አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ በሥጋዊው ክፍሉም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ሰፊ ሥርዓት አለው፤ ሊቃውንቶቻችንም በዚያ ሲፈርዱና ሲያስተምሩ ኖረዋል። የ1952ቱ ሕግ ግን በሚመለከታቸው ጉዳዮች ሁሉ ቀድሞ በጽሑፍም በልማድም ይሠራበት የነበረውን ሽሮታል። እንግዲህ ካህኑ የሰማውን ቃል እውነተኛነት ማንም ባይጠራጠር፣ ቃሉ ቤት የማስተላለፍ ኃይል ካጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሳናውቅ የምንመክር ካህናት ጥቂቶች አይደለንም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኑዛዜ ይጸና ዘንድ ሕጉ ጠበቃን አይጠይቅም። እንዲያውም ኑዛዜ የተናዛዡ የራሱ ሥራ ነው፤ ስለ እኔ ተናዘዝልኝ ብሎ ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት አይቻልም። ጠበቃው ቢኖር ሊመክርና ተናዛዡ የሚናገረውን ሊጽፍ ይችላል እንጂ በእርሱ ፈንታ ሊናዘዝ አይችልም። ሕጉ አጥብቆ የሚጠይቀው ሥርዓቱን ነው፤ ሥርዓቱም በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፤ ወይም እርሱ እየተናገረ ማንኛውም ሰው ይጽፍለታል። ከተጻፈም በኋላ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። በእነርሱ ፊት መነበቡና የተነበበበትም ቀን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አራቱ ሽማግሌዎች በእርግጥ ተቀምጠው ሰምተዋል፤ ጽሑፉ ግን «በፊታቸው ተነበበ» አይልም። ወይም ሦስቱ በዕለቱ ፈርመው አራተኛው በማግስቱ ከገበያ ሲመለስ ፈርሟል። ለእኛ ትንሽ ነገር ይመስለናል፤ ለባላጋራ ግን ሰፊ በር ነው።

ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ይህ ምስክር አያሻውም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱም ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። ደግሞም በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሳጥን ውስጥ፣ በዳዊት መካከል፣ ከቅዱሳት ሥዕላት በስተኋላ ተቀምጠው ዘመናቸው ያለፈባቸው ኑዛዜዎች ስንት እንደ ሆኑ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚህ እንደምናየው ያ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ጠበቃ ባይዙም አራት ሰዎች ሰብስበው፣ አስነብበው፣ አስፈርመው ቢሆን ኖሮ የልጅቱ ቤት ይጸናላት ነበር። ወይም በከተማችን ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» እያለ ወደሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቢወስዷቸው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ በደሌን ሳስበው ወደ ጠበቃ አልላክኋቸውም ብዬ ብቻ አይደለም፤ እኔም ሳላውቅ የሚያውቅ እንዳይጠይቁ ከለከልኋቸው፤ ይህ ይበልጥ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ማን በራሱ ይጻፍ? ማንስ ጠበቃ ይፈልግ? በእኔ አስተያየት የገንዘቡ ብዛት አይደለም መለያው። አንድ ቤትና ጥቂት የቤት ዕቃ ያለው ሰው ጠበቃ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሦስት ቤት ያለው ላያስፈልገው ይችላል። መለያው በቤተሰቡ መካከል ሕጉ ሳይጠየቅ ከሚያደርገው የተለየ ነገር ሊያደርግ ማሰቡ ነው። ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ልጆቹ ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ ከልጆቹ አስቀድሞ የሞተ ቢኖር የእርሱ ልጆች በእርሱ ቦታ ይተካሉ። አባትየው የሚፈልገው ይህንኑ ከሆነ፣ ልጆቹም የታወቁና የተስማሙ ከሆኑ፣ ቀደም ብዬ የገለጽሁትን ሥርዓት ጠብቆ አጭር ወረቀት ቢጽፍ ወይም ምንም ባይጽፍ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለዚህ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም።

ነገር ግን ብዙ ሰዎች ሕጉ ያደርግልኛል ብለው የሚያስቡት ነገር ሕጉ የማያደርገው ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ የሚከፋው የሚስት ነገር ነው። በሀገራችን ሕግ ባልና ሚስት አንዱ የሌላው ወራሽ አይደሉም። ሚስት ከባልዋ ሞት በኋላ የጋራ ከሆነው ሀብት ግማሹን ትወስዳለች፤ ይህ የራስዋ ነው እንጂ ውርስ አይደለም። የቀረው የባልዋ ግማሽ ለልጆቹ፣ ልጆች ባይኖሩት ለወላጆቹ፣ ቀጥሎም ለወንድምና ለእኅቶቹ ይሄዳል። ዐርባ ዓመት አብራ የኖረች ልጅ ያልወለደች ሴት፣ የባልዋ ወንድሞች ቤቱ ይሸጥና ድርሻችንን እንውሰድ ሲሏት የምትደነግጠው ስለዚህ ነው። ባል የራሱን ድርሻ ለሚስቱ ሊተውላት የሚወድ ከሆነ መናዘዝ አለበት። እንደዚሁም ሰው ሊናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ላይ እንጂ በሚስቱ ግማሽ ላይ አይደለም፤ «ቤቴን በሙሉ» ብሎ የሚጽፍ ባል የእርሱ ያልሆነውን ይሰጣል።

በዚህ ላይ አንድ መልካም የሚመስል ልማድ አለ፤ ይኸውም ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው በአንድ ወረቀት በአንድነት መናዘዝ ነው። ሕጉ ይህን አይቀበልም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ምክንያቱንም ባስተውለው ተገቢ ሆኖ አገኘሁት፤ ኑዛዜ እስከ ሞት ድረስ ሊለወጥ የሚችል ነውና፣ ሁለት ፈቃድ በአንድ ወረቀት ከታሰረ አንዱ ቢጸጸት እንዴት ይፈታል?

ጠበቃ መፈለግ የሚገባው እንግዲህ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ሲኖር ነው። ከሁለት ጋብቻ የተወለዱ ልጆች ያሉት፣ ያሳደገውን ግን በሕግ ጉዲፈቻ ያላደረገውን ልጅ ሊያወርስ የሚወድ፣ የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጁ የሚያስብ፣ በውጭ ሀገር ቤት ወይም ገንዘብ ያለው ሰው በራሱ ብዕር መታመን የለበትም። በአሜሪካ በአብዛኛዎቹ ግዛቶች ለኑዛዜ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ በእኛ አራት ያስፈልጋል፤ በዚያ የጻፈ ሰው በዚህ ያለው ቤቱ እንዴት እንደሚሆን የሁለቱን ሀገር ሕግ አዋቂዎች ሊጠይቅ ይገባዋል። መሬትም እንደዚሁ ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የግል ሀብት መሆኑ ቀርቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሰው የከተማ ቤቱን ሊናዘዝ ይችላል፤ የገጠር ይዞታውን ግን ለማንና እንዴት ሊያስተላልፍ እንደሚችል ራሱን የቻለ ሕግ ወስኖታል። አያቱ እንዳደረገው «ርስቴን» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ ያምራል እንጂ አይሠራም።

ልጅን ከውርስ ስለ መንቀል ጥቂት ልቈይ፤ ይህ በካህናት ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነውና። አባት በልጁ ተቈጥቶ «ይህ ልጄ ከሀብቴ እንዳይካፈል» ሊል ቢፈልግ፣ ሕጉ በግልጽ እንዲናገርና ምክንያቱን እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ በዝምታ አልፎ ሁሉን ለሌላ በመስጠት ልጁን መንቀል አይቻልም። ምክንያቱን የሚጽፍ አባት ደግሞ ልጁን የሚከስበት ቃል ከእርሱ ሞት በኋላ በአደባባይ የሚነበብ መሆኑን ያስብ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጠበቃ ከመሄዱ አስቀድሞ ወደ ነፍስ አባቱ ቢመጣ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላም ልቡ ካልተመለሰ ጠበቃ ሳይዝ አይጻፍ። አብርሃም ከይስሐቅ ሌላ ለነበሩት ልጆቹ በሕይወት ሳለ ስጦታ ሰጥቶ እንዳሰናበታቸው በኦሪት እናነባለን፤ ክርክሩን ለሞቱ ማግስት አላቈየውም።

አሁን ለወንድሞቼ ለካህናት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ምእመናንም ቢሰሙት ጥሩ ነው። ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ በሙያው ያስታመመው ሐኪም፣ በመንፈሳዊ ነገር የረዳው ካህን፣ ወይም በሕግ ነገር የመከረው ሰው በኑዛዜው ስጦታ ቢደረግለት፣ ዘመድ ካልሆነ በቀር ፍርድ ቤት ስጦታውን ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። በኑዛዜው ሥራ ምስክር ወይም አስተርጓሚ ሆኖ ለተገኘ ተጠቃሚም ነገሩ እንደዚሁ ነው። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ሕጉ ካህናትን ተጠራጠረ ብለው ይከፋቸዋል። እኔ ግን አልከፋኝም፤ ሕጉ ካህኑን ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር አንድ ላይ ያቆመው ሦስቱም ደካማ ሰው እጁን የሚሰጣቸው ስለ ሆኑ ነው። የነፍስ አባት ለራሱ የሚተላለፍ ነገር ያለበትን ኑዛዜ አይጻፍ፤ ምስክርም አይሁን። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ስጦታ ቢኖርም ጸሐፊዎቹና ምስክሮቹ ከደብሩ አስተዳደር ውጭ የሆኑ ሰዎች ቢሆኑ፣ ስጦታውም ከሐሜት ይድናል፣ ተናዛዡም። ይህን የመሰለ ስጦታ ካለ ምእመኑን ወደ ጠበቃ መላክ የእኛ የካህናት ፈንታ ነው እላለሁ።

ጠበቃ ለመያዝ የወሰነ ሰው ፈቃድ ያለውን ይፈልግ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ ጠበቆች በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ፈቃድ ተሰጥቷቸው ይሠራሉ፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ለማመልከቻ ይጠቅማሉ፤ ለኑዛዜ ግን ሁልጊዜ ብቁዎች አይደሉም። ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል፣ ለምክር ብቻ የሚከፈለውንና ለማጻፍ የሚከፈለውን ለይቶ መጠየቅ ይገባል፤ ለአንድ ሰዓት ምክር ከፍሎ ራሱ የሚጽፍ ሰው ብዙ ወጪ ይተርፈዋል። ሲሄድም የጋብቻ ማስረጃውን፣ የቤቱን ካርታ፣ የአክሲዮን ወረቀት ካለው እርሱን፣ የልጆቹንም ሁሉ ስም ይዞ ይሂድ። ውርሱን የሚያጣራ ታማኝ ሰው በኑዛዜው ውስጥ መሰየም እንደሚችልም አይርሳ። ከተጻፈ በኋላ ልጅ ቢወለድለት ወይም ጋብቻው ቢፈርስ ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና ይመልከተው፤ በእነዚህ ምክንያቶች የተደረገው ስጦታ ሊወድቅ ይችላልና።

ሁሉንም ነገር ለጠበቃው መናገር ያስፈልጋል። ኢሳይያስ ወደ ንጉሡ ወደ ሕዝቅያስ መጥቶ ቤቱን እንዲያሰናዳ በነገረው ጊዜ፣ ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። ቤትን ማሰናዳት የሚያስለቅስ ነገር እንዳለበት ከዚያ ተረድቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ይዘው መጡ፤ በጋራ ጽፈው ሁለቱም ፈርመውበታል። የጋራ ኑዛዜ እንደማይጸና ነግሬ፣ ልጆቻቸው የጋራ፣ ቤታቸውም አንድ ስለ ሆነ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ቢጽፉ ጠበቃ እንኳ እንደማያስፈልጋቸው አስረዳኋቸው። ሚስቲቱ ደስ ብሏት ወደ ቅጽሩ ወጣች። ባልየው ግን ተመልሶ ገባና፣ ከጋብቻው በፊት በሌላ ሀገር የወለደው፣ ሚስቱ የማታውቀው ወንድ ልጅ እንዳለው ነገረኝ። ይህን እርሱ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ያ ልጅ በሕግ ፊት ከሌሎቹ ጋር እኩል ወራሽ መሆኑን፣ ዝም ቢል ኑዛዜው በእርሱ ክስ ሊናወጥ እንደሚችል፣ ስለዚህም ጠበቃ እንደሚያስፈልገው ነገርሁት። «ጠበቃው ዘንድ ከመሄዴ በፊት ለማን ልናገር?» አለኝ። ወደ ቅጽሩ በር አመለከትሁት። እርስዋ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ያን ቀን እስከ ሠርክ ጸሎት ድረስ ከዚያ አልተነሡም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሆነው ወደ ጠበቃው ሄዱ፤ ሦስተኛው ልጁ ነበር።